በአንድ ሞተር ሳይክል ላይ የተደረገ አውጫጭኝ

አቶ አጥላባቸው መሞታቸውን የሰማሁት በሌላ ሰው ለቅሶ ላይ ነው። ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት የአሰላ ሰዎች የሟቹን ነገር ቶሎ ጨርሰው ስንዴ ላይ ስለ ወረደው ዋግ ሲነጋገሩ ቆዩና፣ አንደኛው በመሃል «አጥላባቸውም እኮ ሄዱ» አለ።

«የትኛው አጥላባቸው?»

«ዲናሞ የሚያናግሩት።»

«ውይ፣ እሳቸው! እኔማ ድሮ የሞቱ ነበር የመሰለኝ» አለ ሌላው፤ ሁለቱም ወደ ዋጉ ተመለሱ።

በዕድሜዬ ብዙ የሟች ታሪክ ሲነበብ አዳምጫለሁ። አብዛኛው፣ ሟቹ ተነሥቶ ቢሰማው «ስለ ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅበት ዓይነት ነበር። ይህ በድንኳን ጥግ የተነገረው ግን ሐሰት የለበትም፤ ጉድለቱ ማጠሩ ብቻ ነው። የቀረውን እኔ እሞላዋለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ፤ አቶ አጥላባቸው ጠቢብ አልነበሩም፣ ትሑት ደግሞ ፈጽሞ አልነበሩም፤ ስለ ኤሌክትሪክ የሚያምኑትም ሁሉ ከሥሩ ስሕተት ነበር። ይህን የምለው የተማርኩትም ያስተማርኩትም እሱኑ ስለሆነ ነው። ሰው በሞተ ማግስት ዕውቀት የሚጨመርለትን የአገራችንን ልማድ አልከተልም።

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ የሳይንስ አስተማሪ ሆኜ ወደ አሰላ ስላክ፣ ቤት የተከራየሁት ከእሳቸው ግቢ ነበር። ግቢው ወደ ኢተያ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። በክረምት ጭጋጉ ከጭላሎ ወርዶ መንገዱን ሲደፍነው፣ ከመስኮቴ የሚታየኝ የአቶ አጥላባቸው ሰሌዳ ብቻ ነበር። ሰሌዳው «የተበላሸ ዕቃ ጉዳይ እዚህ ይታያል» ይላል። አንድ ጥገና ቤት እንዲህ የሚል ሰሌዳ የሰቀለበት ምክንያት አለው።

አቶ አጥላባቸው በወጣትነታቸው በጣሊያን ጋራዥ ብሎን ሲያጥቡ ሙያ ቀስመዋል። ጣሊያን ሲወጣ እሳቸው ግን ጋራዡን ትተው ነገረ ፈጅ ሆኑ፤ ለክርክር የተፈጠሩ ስለሆኑ በዚህ የተገረመ አልነበረም። ችሎት ውስጥ ሲቆሙ አንገታቸው ይረዝማል፤ ጋቢያቸውን ከቀኝ ትከሻቸው አውርደው እጃቸውን ሲዘረጉ ባላጋራቸው ወደ ኋላ ይላል። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። እኔ በደረስኩበት ጊዜ ፈቃዳቸውን ከተነጠቁ ቆይተው ነበር።

የተነጠቁበት ምክንያት እንዲህ ነው። ግራዝማች ዘውገ የሚባሉ ዳኛ ከምሳ በኋላ ችሎት ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ጸሐፊውም፣ ባለጉዳዩም፣ ዘበኛውም አይተው እንዳላዩ ሆኑ። አቶ አጥላባቸው ግን ተነሥተው ጸሐፊውን «የተከበሩ ዳኛ በአሁኑ ሰዓት አንቀላፍተዋል፤ ይመዝገብልኝ» አሉት።

«ኧረ ጌታዬ፣ ቀስ ይበሉ» አለ ጸሐፊው በሹክሹክታ።

«ቀስ ብዬማ ነው። ጮክ ብል ይነቁ አልነበር?»

ግራዝማችን የቀሰቀሳቸው የሕዝቡ ሳቅ ነው። ነቅተው መጀመሪያ የፈረዱት ፍርድ ይህን ነገረ ፈጅ ከችሎት ማባረር ሆነ። አቶ አጥላባቸውም ወደ ብሎናቸው ተመለሱ፤ ችሎቱን ግን ይዘውት ተመለሱ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ በለጥሻቸው ታሪኩ በተነሣ ቁጥር አንድ ነገር ይሉ ነበር። በሰው ፊት ባላቸውን «አንቱ» ነበር የሚሏቸው፤ «ዳኛ ሲተኛ ብርድ ልብስ ይደርቡለታል እንጂ ይቀሰቅሱታል? ከየትኛው አገር ነው የመጡት እርስዎ?»

ጥገና ቤቱ ውስጥ የተበላሸው ዕቃ ተከሳሽ ነው፤ ያመጣው ሰው ከሳሽ ነው። ከጎበሳ በበቅሎ ተጭኖ የመጣ የወፍጮ ሞተርም ይሁን የጎረቤት ላምባ ምድጃ፣ አቶ አጥላባቸው መፍቻ ከመንካታቸው በፊት ባለቤቱን ያስቆሙታል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እምቢ ያለህ?»

«ከፋሲካ ወዲህ።»

«ከዚያ በፊት ቅያሜ ነበራችሁ?»

«ከምድጃው ጋር?»

«ከማን ጋር ነው የተካሰስከው?»

አንዳንዱ ገበሬ ትንሽ አስቦ «አዎ፣ አንድ ጊዜ በእግሬ ረግጬው ነበር» ይላል። አቶ አጥላባቸውም ወደ እኔ ዞር ብለው «አዩ፣ ወይዘሪት?» ይሉኛል። አጠያየቃቸው ብዙ ጊዜ ይሠራ እንደ ነበር አልክድም። ይህን የመሰለ አጠያየቅ የቀድሞ ባለቤቴ ቢያውቅ ኖሮ ትዳራችን ይረዝም ነበር፤ ባለማወቁም አላዝንም።

ስለ ኤሌክትሪክ የነበራቸው ሐሳብ ይህ ነው፤ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ በአባት ርስት የተጣሉ ወንድማማቾች ናቸው፤ ለዚህ ነው ሲገናኙ ብልጭ የሚሉት። በዲናሞና በባትሪ መካከል ያለችውን፣ የሚያልፈውን ኃይል የምትመጥነዋን ጥቁር ሣጥን፣ ማለትም ሬጉላቶሩን፣ «ዳኛው» ይሏታል፤ በዚህም ምክንያት ማንኛውም ሞተር ሲበላሽ መጀመሪያ የሚጠረጥሩት እሷን ነው። ስሕተት መሆኑን በአክብሮት አስረዳኋቸው። ስለ ኤሌክትሮን ነገርኳቸው።

«አይተዋቸዋል?» አሉኝ።

«ማንም አላያቸውም።»

«እኔ ግን የተጣሉ ወንድማማቾችን አይቻለሁ» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። 

ግራዝማች ዘውገ ጣሊያን ጥሎት የሄደ፣ በብዙ እጅ የዞረ ሞተር ሳይክል ነበራቸው። በቅሏቸውን ለወንድማቸው ሰጥተው በእሱ መሄድ ከጀመሩ ወዲህ፣ ከፊቱ ላይ ትልቅ የካሚዮን ፓውዛ አስገጥመው ቀን ከሌት ያበሩት ነበር። ብርሃኑ ለመንገዱ ሳይሆን ለሰዉ ነው፤ ማን እየመጣ እንደሆነ ከሩቅ እንዲታወቅ። ችግሩ መብራቱ ሁለት ሦስት ቀን በርቶ መድከሙ፣ ከዚያም ክላክሱ እንደ ታመመ ፍየል ማቃሰቱ፣ በመጨረሻም ሁለቱም መጥፋታቸው ነው። ሞተሩ ራሱ የሚነሣበት እሳት ከባትሪው ስላልሆነ መሄዱን አያቆምም፤ የሚሄደው ግን ዕውር ሆኖ ነው። አንድ ምሽት በጭጋግ ውስጥ የአንድ ባለጉዳይ በሬ ላይ ተላተሙ። የበሬው ባለቤት ጉዳይ እሳቸው ዘንድ በቀጠሮ ላይ ነበር፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ተረታ።

በአሰላ ዲናሞ የሚፈታ ሌላ ሰው ስላልነበረ፣ ሞተሩ በሁለት አሽከሮች ተገፍቶ አቶ አጥላባቸው ደጅ መጣ። ከመልእክት ጋር ነበር፤ «ይህን ካዳነ ፈቃዱ እንዲመለስለት ያስገባውን ማመልከቻ አየዋለሁ። ካላዳነ ግን ዳግመኛ እንዳያመለክት።»

አቶ አጥላባቸው ይህን ሲሰሙ መፍቻውን አስቀምጠው እጃቸውን ታጠቡ። ከዚያም ማንም የማያያቸው በመሰላቸው ጊዜ፣ ጋቢያቸውን ከቀኝ ትከሻቸው አውርደው ባዶው ግድግዳ ፊት ቆሙ። እኔ በመስኮት አየሁ። ያ ሰው ከምንም በላይ የሚፈልገው ነገር አንድ ነበር፤ ተመልሶ ችሎት ላይ መቆም።

መጀመሪያ የዲናሞውን ካርቦኖች አጽድተው ሞተሩን አስነሡ፤ ጋዙን እስከ መጨረሻው ሰጥተው ግቢውን አናወጡት። «ተከሳሽ ካልጮኸ እውነቱን አይናገርም» ይላሉ። ፓውዛው እንደ ፀሐይ በራ። አሽከሮቹ ወሰዱት። በሳምንቱ ጠፍቶ ተገፍቶ መጣ።

ሁለተኛ «ዳኛውን» ከፈቱ። በደስታ ነበር የከፈቱት። ሬጉላቶሩ ግን እንከን አልነበረበትም፤ ይህም ለጥቂት ቀናት አሳዘናቸው። አጮኹት፣ በራ፣ ሄደ፣ ጠፍቶ መጣ።

ሦስተኛ ባትሪውን ከፍተው አሸተቱትና ከሁለቱ አሽከሮች አንዱን፣ የግራዝማችን ጥላ የሚይዘውን፣ ጠሩት።

«እዚህ ውስጥ ውኃ የሚጨምረው ማነው?»

«የጌታዬ ባለቤት፣ እሜቴ ናቸው። የጠበል ውኃ ነው፤ በየቅዳሜው ያስመጡለታል።»

«ለምን?»

«ሰይጣን እንዲለቀው ነዋ!»

አቶ አጥላባቸው በጣም አሰቡ። «ስማ፣ ጠበል ሰይጣን ያስለቅቃል፤ በዚያ አልከራከርም። እዚህ ውስጥ ያለው ሰይጣን ግን በሥራ ላይ ነው። እሱ ከለቀቀ መብራቱ በምን ይበራል? ሂድ ለእሜቴ እንዲህ ብለህ ንገር።»

የምንጭ ውኃ ማዕድን ስላለበት ባትሪ ይጎዳል፤ ነገሩ ከሰይጣን ጋር አይገናኝም። ከትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ የተጣራ ውኃ አመጣሁ፤ አሲዱ ተለወጠ፣ ባትሪው ዳነ። ሞተሩም በሳምንቱ ጠፍቶ ተገፍቶ መጣ።

ወይዘሮ በለጥሻቸው በራፉ ላይ ቆመው ሞተሩን ተመለከቱት። «ይኼ ሞተር ፍቅር ይዞታል፤ ያላንቱ አያድርም» አሉና ገቡ።

አቶ አጥላባቸው ያን ጊዜ ነው የሙያቸውን የመጨረሻ መሣሪያ ያወጡት። «የቀረው አውጫጭኝ ነው» አሉ።

በአገሩ ልማድ፣ አንድ ቀበሌ ውስጥ ከብት ተሰርቆ ሌባው ሲታጣ፣ ነዋሪው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ሌባው እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም፤ ሀብታምም ድኻም አይቀርም፤ የቀረ ሰው ራሱ ተጠርጣሪ ነው። የሚያውቅ ሰው ስሙን ሳይገልጽ ለሽማግሎች በጆሮ ይናገራል፤ ይህን ሹክ ባይ «ወፍ» ይሉታል። አቶ አጥላባቸው ይህን ሥርዓት ለሞተር ሳይክል አዋሉት።

በገበያ ቀን ረፋዱ ላይ በግቢው መካከል ሸራ ተነጠፈ። ሞተሩ በእንጨት ላይ ተደግፎ ቆመ፤ ዲናሞው፣ ሬጉላቶሩ፣ ባትሪው፣ ፓውዛውና ክላክሱ ከነሽቦአቸው ተፈትተው በሸራው ላይ ተሰየሙ። ሰብሳቢ ሆነው የተመረጡት ጎረቤታችን የእህል ነጋዴው ሐጂ ጀማል ናቸው፤ በአካባቢው በአማርኛም በኦሮምኛም የሚያስታርቁ፣ ሰው ሁሉ የሚያምናቸው ሽማግሌ። ወደ ገበያ የሚያልፈው ሰው ሁሉ አጥሩን ሞልቶታል።

«ኩን ማሊ? ምንድን ነው ይኼ?» አሉ ሐጂ ጀማል ሸራውን ዞረው አይተው። «እኔን የጠራኸኝ ብረት ላስታርቅ ነው፣ አጥላባቸው?»

«ሌባ ላስወጣ ነው፣ ሐጂ። ኃይል ይመረታል፤ ባትሪ ውስጥ ግን አይገኝም። መካከል ላይ የሚበላው አለ። እስኪወጣ ድረስ ከእነዚህ አንዱም ወደ ቦታው አይመለስም።»

«ወፉስ ማነው?»

አቶ አጥላባቸው ወደ እኔ አመለከቱ። እኔ ከትምህርት ቤቱ የተዋስኩትን ቮልት መለኪያ ይዤ ነበር። ዲግሪ ያላት ሴት በአሰላ ገበያ ሰው ፊት ወፍ ተብላ ተሰየመች። ከዚያ ወዲህ ከተሰጡኝ ማዕረጎች ጋር ሳወዳድረው ግን በተግባር የተጠቀምኩበት እሱን ብቻ ነው።

ዲናሞው ተገጥሞ ሞተሩ ተነሣ፤ ጋዝ ተሰጠ፣ ግቢው ተናወጠ፤ እኔ የመለኪያውን መርፌ አይቼ ለሐጂ ጀማል በጆሯቸው ነገርኳቸው። «ዲናሞው ሰጥቷል» ብለው አወጁ። ሬጉላቶሩ ተገጠመ። «አሳልፏል።» ባትሪው ተገጠመ። «ተቀብሏል።» ሽቦዎቹ አንድ በአንድ ተመረመሩ፤ የሚያፈስ አልተገኘም። ፓውዛው የሚበላው ብዙ ቢሆንም ዲናሞው ከሚሰጠው በታች ነበር። በዩኒቨርሲቲ ስብሰባዎች ላይ ለብዙ ዓመት ተቀምጬ የዚህን ያህል ሥርዓት ያለው ምርመራ አላየሁም፤ እዚያ ጥፋተኛው የሚታወቀው ከስብሰባው በፊት ነው።

ሐጂ ጀማል ጢማቸውን ያዙ። «ሁሉም ንጹሕ ነው። ታዲያ ማን ሰረቀ? ጅብ ጠጣው?»

«ሐጂ፣ የአውጫጭኝን ሥርዓት ያውቃሉ። ያልቀረበ ሰው አለ?»

«የለም። ሁሉም አለ። ዲናሞው አለ፣ ሣጥኑ አለ፣ ባትሪው አለ፣ የቀረው…» ብለው ወደ ባዶው የሞተሩ ኮርቻ ተመለከቱ። «ያ ረቢ!» አሉና በፎጣቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

አቶ አጥላባቸውም አብረው ኮርቻውን አዩ። ፊታቸው ላይ መጀመሪያ ደስታ፣ ቀጥሎ ፍርሃት ሲያልፍ አየሁ። ለምሳ ተነሣን።

ምሳ ላይ ነገሩ ለሁላችንም ግልጽ ነበር። ዲናሞ የሚያመነጨው በሚዞርበት ፍጥነት ልክ ነው፤ ከተወሰነ ፍጥነት በታች ሬጉላቶሩ ከባትሪው ይለየዋል፤ እንዲያ እንዲሆን ነው የተሠራው። አቶ አጥላባቸው ሲሞክሩት ስለሚያስጮኹት ይሠራል። ግራዝማች ግን በቅሎዋን ትተው የበቅሎዋን አካሄድ ይዘው ቀርተዋል። ጠመንጃ ያዥ በቀኝ፣ ጥላ ያዥ በግራ በእግራቸው ይከተላሉ፤ ስለዚህ ሞተሩ ከሰው እርምጃ አይፈጥንም። ሰው ቆሞ እጅ ሲነሣ ግራዝማችም ቆመው ይቀበላሉ፤ ፓውዛው ይበራል፣ ባትሪው ይታለባል፣ ዲናሞው አንዲት ጠብታ አይሰጥም።

ወይዘሮ በለጥሻቸው ሽሮውን እየጨለፉ «ታዲያ ምን ያስጨንቅዎታል?» አሉ። «ዲናሞው በቀበቶ አይደል የሚዞረው? ትንሽ መዘውር ይግጠሙለት፤ ሰውየው ቀስ ብለው ሲሄዱ እሱ ይፍጠን። ከዚያ ‹ዳነ› ይበሉና አፍዎን ይዝጉ። ፈቃድዎን ይሰጡዎታል።»

በዚያ ቀን ከተነገረው ሁሉ በምሕንድስና ረገድ ትክክለኛው ሐሳብ ይህ ብቻ ነበር። ይህን ተናገርኩ።

«ይሠራል» አሉ አቶ አጥላባቸው። «ግን ሌባው ታውቆ አውጫጭኝ ሳይፈረድ ይበተናል?»

«ይበተን!»

«ዲናሞው ሁለት ጊዜ ተፈትቷል፣ በለጥሻቸው። አንዱም በሕዝብ ፊት። ማን ይቅርታ ይጠይቀዋል?»

ወይዘሮ በለጥሻቸው ጭልፋውን ይዘው እኔን አዩኝ። እኔ ሽሮዬን አየሁ።

ከሰዓት በኋላ ግራዝማች ዘውገ ተጠርተው መጡ፤ ረዥም፣ ወፍራም፣ ቀስ ብለው የሚተነፍሱ ሰው ናቸው። ሰው ሁሉ ተነሣ። «አወጣኸው?» አሉ።

«ጌታዬ እንደ ወትሮዎ አንድ ጊዜ ይሂዱልን፤ ከዚያ ውሳኔ እሰጣለሁ።»

«ውሳኔ የምሰጥ እኔ ነኝ።»

«በችሎት፣ ጌታዬ። ይህ ሸራ ነው።»

ቮልት መለኪያውን ከዲናሞው ጋር አገናኝቼ በመሪው ላይ በሲባጎ አሰርኩት። ግራዝማች ተቀመጡ፣ ፓውዛቸውን አበሩ፣ አሽከሮቹ ግራና ቀኝ ያዙ፤ ጉዞው ከበራችን እስከ ሐጂ ጀማል መጋዘን ደርሶ ተመለሰ። ሦስት ጊዜ ቆመው እጅ የነሣቸውን ተቀበሉ። መርፌው ከተኛበት አልተነሣም። ሐጂ ጀማል ጎንበስ ብለው አዩትና ቀና አሉ። እህል ነጋዴ መቼ ዝም እንደሚባል ያውቃል።

አቶ አጥላባቸው ጋቢያቸውን ከቀኝ ትከሻቸው አወረዱ። ያን ጊዜ ነው አንገታቸው በእርግጥ እንደሚረዝም ያረጋገጥኩት።

«የተከበሩ ዳኛ፣ የተከበራችሁ ሽማግሎች። ይህ ዲናሞ ካልሮጠ አይሰጥም፤ ተፈጥሮው ነው። ባለቤቱ ሞተር ላይ ተቀምጠው በበቅሎ ይሄዳሉ። ቆመው ሰላምታ ይቀበላሉ፤ ቆመውም ያበራሉ። ዲናሞው፣ ሬጉላቶሩ፣ ባትሪው፣ ሽቦው፣ ክላክሱና ፓውዛው ከክሱ ነጻ ናቸው። ኃይሉን የበላው የእርስዎ ክብር ነው።»



«ሌባ ነህ እያልከኝ ነው?» አሉ ግራዝማች።

«አላልኩም፣ ጌታዬ። ሌባው አካሄድዎ ነው። እርስዎ ግብረ አበር ነዎት።»

ጥላ ያዡ ሳቀ። ሊያፍነው ሞክሮ በአፍንጫው አመለጠው። ግራዝማች አዩት፣ ሕዝቡን አዩ፣ ከዚያ ማድረግ የሚችሉት አንድ ነገር ብቻ እንደ ቀረ የተረዱ መሰለኝ፤ ከዚያ ቦታ መሄድ። ጋዙን እስከ መጨረሻው ሰጡት። ሞተሩ ዘሎ ወጣ፤ ባርኔጣቸው ወደ ኋላ፣ እሳቸው ወደ ኢተያ። አሽከሮቹ እስከ መጀመሪያው ጥምዝ ሮጡ። ከዚያ ጠመንጃ ያዡ ቆመ፤ ጥላ ያዡ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ጥላውን ለራሱ ዘረጋ። የትምህርት ቤቱ ቮልት መለኪያ ከግራዝማች ጋር ሄዷል፤ ይህንን ለርእሰ መምህሩ ማስረዳት ቀላል አልነበረም።

ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ከኢተያ በኩል፣ ከቁልቁለቱ በታች፣ አንድ ብርሃን ታየ። አሰላ ውስጥ እንደዚያ ያለ መብራት ታይቶ አያውቅም። ሰው ከየቤቱ ወጣ። ግራዝማች በከባድ ጩኸት ደርሰው በራችን ላይ ቆሙ። አቧራ ለብሰዋል፤ ከአቧራው ሥር ደግሞ ከዚያ በፊት ያላየሁባቸው ነገር ነበረ፤ ደስታ ይመስለኛል። ወዲያው ሰበሰቡት።

«ዲናሞው ታሞ ነበር፤ በመንገድ ላይ ራሱ ዳነ» አሉ፤ ማንም አልጠየቃቸውም። ባርኔጣቸውን ከሰው እጅ ተቀብለው፣ ቮልት መለኪያውን ግን ሳይመልሱ ሄዱ፤ ቀስ ብለው አልሄዱም። ሞተሩ ከዚያ ቀን በኋላ ተገፍቶ አልመጣም።

በሳምንቱ ሐጂ ጀማል ለሽምግልና ወደ ግቢያችን መጡ። ምሳ ሰዓት ነበር። ለመቀመጥ ጊዜ ወሰዱ።

«አጥላባቸው፣ ዱጋ ኬቲ፤ እውነቱ ያንተ ነው። ሰውየውም ያውቃል፤ ሌሊት አይተኛም። ግን አገር ስቆበታል። ፈቃድህን እመልሳለሁ ብሏል። አንዲት ቃል ብቻ ነው የሚፈልገው፤ በመጪው ችሎት ተነሥተህ ‹ተሳስቼ ነበር፣ ጥፋቱ የዲናሞው ነው› ትላለህ። አለቀ። በዚያው ቀን ጠበቃ ነህ።»

አቶ አጥላባቸው እጃቸው ላይ ያለውን ቅባት በጨርቅ ይጠርጉ ነበር፤ ቅባቱ ከለቀቀ በኋላም መጥረጋቸውን ቀጠሉ። ወይዘሮ በለጥሻቸው አጠገባቸው ተቀመጡ። ድምፃቸው እንዲያ ዝቅ ብሎ ሰምቼው አላውቅም።

«ይበሉላቸው። ምን ይጎዳዎታል? ሌት ሌት በእንቅልፍዎ ሲከራከሩ የምሰማ እኔ ነኝ። ዲናሞ እኮ ነው። አፍ የለው፣ ስሜን አጠፋህ ብሎ አይከስዎ።»

«እሱ ነው እኮ ችግሩ» አሉ አቶ አጥላባቸው። «አፍ ያለውማ ለራሱ ይናገራል። ጠበቃ የሚያስፈልገው ለማን ነው?»

ሐጂ ጀማል ወደ መሬት አዩ። እኔ ይህን ንግግር የሎጂክ ስሕተት አድርጌ ልቆጥረው ሞክሬ ነበር፤ ዲናሞ ክብር የለውም፣ ስለዚህ ክብሩ አይነካም። ሐሳቡ ትክክል ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ግን ልናገረው አልቻልኩም።

ወይዘሮ በለጥሻቸው ተነሡ። ወጡን ከነድስቱ ከመሶቡ ላይ አነሡት። «እንግዲያው ምሳህን ደንበኛህ ያብላህ!» አሉ፤ በሰው ፊት «አንተ» ሲሏቸው የመጀመሪያው ጊዜ ነበር። ወደ ጓዳ ገቡ።

«ኧረ ወይዘሮ!» አሉ ሐጂ ጀማል ከኋላቸው፣ «እኔ ምን አጠፋሁ? እኔ አስታራቂ ነኝ!»

ፈቃዱ አልተመለሰም። ደንበኛቸውም እውነት አበላቸው፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ከኦጎልቾ እስከ ጎበሳ ያለ ዲናሞ ሁሉ ወደዚያ ሰሌዳ ሥር ይመጣ ነበር አሉ። ግድግዳ ፊት ቆመው ጋቢያቸውን ሲያወርዱ ግን ሁለተኛ አላየኋቸውም።

ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ እኔ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ዓይነት ሸራ ላይ ተከሳሽ ሆኜ ቀርቤያለሁ። ዝርዝሩ ለዚህ ጽሑፍ አያስፈልግም። አብረውኝ የሠሩ፣ የተማሩ ሰዎች ስለ እኔ አንዲት ዓረፍተ ነገር እንዲናገሩ ተጠየቁ፤ እውነት አለመሆኗን ያውቃሉ፤ አጭር ነበረች፤ ተናጋሪውን ምንም አትጎዳም። ተናገሯት። እኔ ከአንድ ሰዓት በላይ በሚገባ በተሰናዳ ንግግር ስለ ራሴ ተከራከርኩ፤ ማንም አልሰማኝም።

አፍስ ነበረኝ። ያጣሁት አቶ አጥላባቸውን ነው።